የጅማ የእግርና የበቅሎ መንገዶች

የአገር ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የነገሥታት ስም፥ የጦርነት ውሎና የታላላቅ ሕንጻዎች ነገር ነው። ሰው ወደ ገበያና ወደ ለቅሶ፥ ወደ እርሻና ወደ ጸሎት ቤት የሚመላለስበት የእግር መንገድ ግን ታሪክ ያለው ስለማይመስል የሚያስታውሰው የለም። ይሁን እንጂ ከተማን የሚያቆመውም የሚያዳክመውም መንገድ መሆኑን ለመረዳት የጅማን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

እኛም በዚህ ጽሑፍ የጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች የእግርና የበቅሎ መንገዶች እንዴት እንደ ተሠሩ፥ ማን ይጠብቃቸው እንደ ነበረና በምን ምክንያት እንደ ተጐዱ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልናስረዳ አስበናል። ይህንንም የምናደርገው ያለፈውን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ መንገድ በአዲስ መልክ በሚሠራበት በዛሬው ጊዜ ልንረሳው የማይገባን አንድ ቁም ነገር በውስጡ ስላገኘንበት ነው።

የምድሩ ጠባይ

የጅማ ምድር ወይና ደጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በሰፊ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋን ቡና የሚያበቅሉ ኮረብታዎች ከበዋታል። ዝናሙ ብዙ ነው፤ አፈሩም ቀይ ሸክላ በመሆኑ በበጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፥ በክረምት ግን እግር የሚይዝ ጭቃ ይሆናል። የበቅሎ ኮቴ አንድ ጊዜ ያጐደጐደው ስፍራ ውሃ ይቋጥራል፤ ሌላ ኮቴ ሲረግጠው ጕድጓዱ እየሰፋ ይሄዳል። መንገዱ በዳገት ላይ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ጐርፉ ራሱን መንገዱን ቦይ አድርጎ ይወርድበትና ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ሰው የሚሄድበት ስፍራ የውሃ መውረጃ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም በላይ አገሩን ወንዞች ከበውታል። ከሸዋ የሚመጣ ግቤን፥ ከከፋ የሚመጣ ጎጀብን፥ ከበደሌ በኩል የሚመጣ ዲዴሳን ሳይሻገር ጅማ አይገባም። ስለዚህ ነጋዴ የሚጓዘው ክረምቱ አልፎ ወንዙ ከጐደለ በኋላ ነበር፤ ቡናው የሚለቀምበትም ወራት ይኸው የበጋ መግቢያ በመሆኑ መንገዱና ምርቱ በአንድነት ይከፈቱ ነበር። እንዲህ ባለ አገር መንገድ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ነገር አይደለም። በየዓመቱ ቦዩን የሚጠርግ፥ ጕድጓዱን የሚደለድል፥ የተነቃነቀውን የእንጨት ድልድይ የሚያጠብቅ እጅ ያስፈልገዋል።

ከሰቃ ወደ ሂርማታ

በግቤ አገር የመጀመሪያው ታላቅ የንግድ ማእከል ጅማ አልነበረም። ከ1818 ዓ.ም. እስከ 1854 ዓ.ም. ገደማ ሊሙ እናርያን በገዙት በአባ ባጊቦ ዘመን ስሙ የገነነው ገበያ ሰቃ ነበር። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ ወደ እናርያ የገባው በ1835 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ የነጋዴዎች መንገድ ነው። ከሰቃ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ በጉድሩ በኩል ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም ባሶ፥ ከዚያም ወደ ጎንደር፥ በመጨረሻም ወደ ምጽዋ ይደርስ ነበር። ወደ ደቡብ አሞሌ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን ደግሞ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድ፥ ኮረሪማና ቡና ይወጣል።

በኋላ ግን የጅማ መንግሥት እየበረታ ሲሄድና የሸዋ ኃይል ሲያድግ የነጋዴው እግር ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። የምሥራቁ መንገድ ሲደምቅ በጂሬን ኮረብታ ግርጌ ያለው የሂርማታ ገበያ የግቤ አገር ሁሉ መገናኛ ሆነ፤ ሰቃም እየደበዘዘች ሄደች። የሰቃ ምድር አልደኸየም፥ ሕዝቧም አልሰነፈም፤ የነጋዴው መንገድ ስለ ራቃት ብቻ ስሟ ጠፋ። ሂርማታ ደግሞ ኋላ ጅማ ተብላ እስከ ዛሬ የምትጠራው ከተማ ሆነች።

ኬላና አባ ቆሮ

የጅማ መንገዶች በደንብ የተደራጁት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ነው። አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ነገሡ፤ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደ ያዙ ቈዩ፤ የጅማ ራስ ገዝነት ያበቃውም በ1924 ዓ.ም. ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ኸርበርት ሉዊስ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጅማ ተቀምጠው ሽማግሌዎችን ከጠየቁ በኋላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ያሳተሙት መጽሐፍ ስለዚህ አስተዳደር ብዙ ያስረዳል።

አገሩ 60 ያህል ቆሮ ተብለው በሚጠሩ ክፍሎች የተከፈለ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ አባ ቆሮ ይሾማል፤ ከእርሱም በታች አባ ገንዳዎች መንደሮችን ያስተዳድራሉ። በየቆሮው የሚያልፈውን መንገድ ሕዝቡን አሰማርቶ የማሠራትና የማስጠገን ኀላፊነት የተሾመው ሰው ነበረ። በአገሩ ዳርቻ መግቢያና መውጫ በር የሆኑ ኬላዎች ነበሩ፤ በእነርሱም ላይ አባ ኬላ ተቀምጦ የሚገባውንና የሚወጣውን ይቈጣጠራል።

ስለዚህ መንገዱ ባለቤት ነበረው ማለት ነው። ድልድይ ቢሰበር አላፊው የማን ቆሮ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሹሙም ይጠየቅበታል። አንድ ረዥም መንገድ በብዙ አጫጭር ክፍሎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል በአጠገቡ ለሚኖር ሰው ይሰጣል። በአጠገቡ የሚኖረውም ሰው የውሃውን ጠባይ፥ የአፈሩን ልልነትና የእንጨቱን ዓይነት ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ስለ መንገዱ ያለው እውነት ሁሉ

ነገር ግን ይህን ሥርዐት ስናመሰግን ሌላውን ገጽ ሸፍነን ብናልፍ ታሪክ ጻፍን ለማለት አንደፍርም። መንገዱን የሚጠግነው ገበሬ ሥራውን የሚሠራው በውዴታው ሳይሆን በሹም ትእዛዝ ነበር፤ ከእርሻውም ቀን ይወሰድበታል፥ ደመወዝም የለውም። ከዚህም የከፋ ነገር ነበረ። በደንብ በተጠረገው በዚያ መንገድ ላይ ከቡናው ጭነትና ከዝሆን ጥርሱ ጋራ ሰዎች ለባርነት ይነዱ ነበር። ሂርማታ በዘመኗ ከታወቁት የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከደቡብና ከምዕራብ ተማርከው የመጡ ወንዶች፥ ሴቶችና ልጆች ጎጀብን ተሻግረው ጅማ ሲደርሱ ለነጋዴው የመገናኛ በር የሆነው ኬላ ለእነርሱ ወደ ወገን የመመለሻ ተስፋ የሚዘጋበት በር ነበረ። የባሪያ ንግድ በ1916 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ተወገዘ፤ ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ፈጽሞ ተከለከለ።

እንግዲህ መልካም መንገድ በራሱ መልካም ሥራ አይደለም፤ ማን እንደሚሄድበትና ማን እንደ ሠራው ሳይጠየቅ ሊመሰገን አይገባውም። ከዚህ ሥርዐት ልንወርሰው የሚገባን ለመንገድ ሁሉ ጠባቂ የመመደቡን ጥበብ ነው እንጂ ጠባቂው የሚገደድበትን አኳኋን አይደለም።

የመኪና መንገድ መምጣት

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የጅማ ቡና ወደ ምሥራቅ መጓዙ እየበዛ ሄደ። ከጠላት ወረራ በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የመኪና መንገድ የመሥራት ሐሳብና ጥረት ነበረ፤ ጣሊያኖችም አገሩን በያዙ ጊዜ ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው ዋና ከተማ ስላደረጓት መንገዱን ለጦራቸውና ለአስተዳደራቸው እንዲመች አድርገው ሠሩት። በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆኑ ግን ያ መንገድ የጦርነት በትር ዐረፈበት። ወደ ጅማ ሲያፈገፍጉ የግቤን ድልድይ አፈረሱ። በገረሱ ዱኪ የሚመሩት አርበኞች ግን በእግርና በበቅሎ መንገድ የለመዱ ስለ ነበሩ የድልድይ መፍረስ ከዘመቻቸው አላገዳቸውም። ጅማ በሰኔ ወር 1933 ዓ.ም. ከጠላት እጅ ወጣች።

ከነጻነት በኋላ የተበላሹትን አውራ ጎዳናዎች ለመጠገን የአገሩ ገንዘብ ብቻውን አልበቃም። በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ወደ ጅማ የሚወስደው 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የቡና መውጫ ስለሆነ ትኩረት ከተሰጣቸው አንዱ ነበረ። በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞ በአንድ ቀን የሚፈጸም ሆነ፤ አጋሮ፥ ሊሙ ገነትና በደሌም በቡና ነጋዴ መኪና የሚጐበኙ ከተሞች ሆኑ።

ይህ ታላቅ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም በዚሁ ጊዜ አንድ ነገር ሳይታሰብ ጠፋ። አውራ ጎዳናው ባለሥልጣን፥ መሐንዲስና የጥገና ገንዘብ ሲያገኝ የእግር መንገዱ ጠባቂ አጣ። አባ ቆሮው ቀረ፤ በእርሱ ፈንታ ግን ቦዩን ጥረጉ፥ ድልድዩን አጥብቁ የሚል ሰው አልተተካም። ሰው ሁሉ ስለ መኪና መንገድ ሲናገር ከመኪናው መንገድ እስከ ደጃፉ ያለውን ጭቃ ዝም ብሎ ተሻገረው።

እሸት ቡናና የእግር መንገድ

የእግር መንገድ መበላሸት የሚያደርሰው ጉዳት ድካም ብቻ ነው የሚል ቢኖር የቡናን ጠባይ ይመልከት። ቡና ደርቆ ጀንፈል ሆኖ የሚሸጥ ከሆነ ሁለት ቀን ቢዘገይ ብዙ አይጐዳም። ታጥቦ የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። ቀዩ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ከማጠቢያ ጣቢያ ደርሶ መፈልፈል አለበት፤ ሲዘገይ ይሞቃል፥ ይቦካል፥ ጣዕሙም ይበላሻል። ቡናው ከሚለቀምበት ጫካ እስከ ጣቢያው ያለው መንገድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መኪና የማይገባበት፥ በሰው ጫንቃና በአህያ ጀርባ የሚታለፍ ቀጭን መንገድ ነው።

ቀድሞ በደረቅ ቡናው ብቻ ይታወቅ የነበረው የጅማ አካባቢ በቅርብ ዘመን በታጠበ ቡናው ስም አግኝቷል። በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና የገበሬዎች ማኅበር ቡና በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 በተደረገው የአፍሪካ ቡናዎች ውድድር አንደኛ ወጥቷል። እንዲህ ያለው ቡና ዓለም ገበያ ከመድረሱ በፊት የመጀመሪያውን ጉዞ የሚያደርገው በእግር መንገድ ነው። ረግረጉ ላይ የተሰበረች አንዲት የእንጨት ድልድይ የአንድ ቀን ለቀማን ዋጋ ልታሳጣ ትችላለች፤ ኪሳራውም የሚደርሰው በመጀመሪያ እንቅቧን ይዛ ጭቃውን በምታቋርጠው ለቃሚና በባለ ማሳው ገበሬ ላይ ነው።

ዳግመኛ መሠራት

በዘመናችን መንገድን ወደ መንደር የማድረስ ሐሳብ እንደ ገና ተነሥቷል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተያዘው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ በክረምትም በበጋም ከሚያገለግል መንገድ ጋራ ለማገናኘት ታስቦ በመላ አገሪቱ ብዙ ተሠርቷል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዛመት ጅማ አንዷ ሆናለች፤ ለእግረኛ የሚሆን ሰፊ መተላለፊያ የማበጀት ነገርም ከታላላቅ የከተማ ሥራዎች ተቈጥሯል። እግረኛ ከመኪና እኩል መንገድ ይገባዋል ተብሎ መታሰቡ በራሱ ቁም ነገር ነው። ከተማዪቱን አቋርጦ የሚወርደው አዌቱ ወንዝ ዳርቻው ሰው የሚሸሸው ረግረግና የቈሻሻ መጣያ ከሚሆን ይልቅ ሽማግሌና ሕፃን የሚንሸራሸሩበት ቢሆን፥ ከገበያውም ወደ ጂሬን ቤተ መንግሥት የሚወጣው ዳገት ለእግረኛ ቢመች፥ ጅማ ጥንት ያቆማትን ነገር መልሳ አገኘች እንላለን።

ነገር ግን ድንጋይ መንጠፉ የሥራው እኩሌታ ነው። የጅማ ዝናም የአዲሱን መንገድ ምረቃ አያከብርም፤ በመጀመሪያው ክረምት ቦዩን ቅጠል ይደፍነዋል፥ በሁለተኛው ውሃው ጠርዙን ይገዘግዘዋል። እንግዲህ መንገዱ ከመመረቁ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ከዚህ እስከዚያ የማን ነው?» የሚለው ነው። የቀድሞው ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው፤ መልሱ ግን በግዴታ ላይ የተመሠረተ ነበር። የእኛ መልስ በውዴታ፥ በድካም ዋጋና በመመካከር ላይ ሊመሠረት ይገባል።

ለዚህም የሚያስፈልገው ልማድ በአገሩ አልጠፋም። ደቦ የሚለውን፥ በጅማ ኦሮሞ ዘንድም ዳዶ የሚባለውን የመረዳዳት ሥርዐት የማያውቅ ገበሬ የለም። ቡና ለቀማው ከመጀመሩ በፊት የሰፈሩ ሰው አንድ ቀን ተሰብስቦ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ ቢያበጅ፥ ማኅበሩ ለእንጨቱና ለሚስማሩ ከትርፉ ጥቂት ቢመድብ፥ የቀበሌው ሹም ደግሞ ከዚህ እስከዚያ ያለው ክፍል የእነ እገሌ ነው ብሎ ቢመዘግብ፥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ብዙ ሥራ ይሠራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፥ ለአንድ መሥሪያ ቤት የከበደ ጥገና በየደጃፉ ሲከፋፈል ይቀላል።

ሰቃን ያደበዘዛት፥ ሂርማታንም ያገነናት መንገድ ነበረ። ከሂርማታ የበቀለችው ጅማም መንገዶቿን መልሳ በምትሠራበት በዚህ ዘመን፥ ከድንጋዩና ከሲሚንቶው ጋራ ጠባቂውን አብራ እንድትመድብ ምኞታችን ነው።