ግድግዳ አልባው ባክቴሪያ፦ የልጆችን ሳል መድኃኒት ለምን አቃተው?

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ ፔኒሲሊን ተአምር በሚሠራበት ዘመን፣ ሐኪሞችን ግራ ያጋባ አንድ የሳንባ ምች ነበር። ታማሚው ያተኩሰዋል፣ ለሳምንታት ያስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን አልጋ ላይ አይውልም። ፔኒሲሊን ቢሰጡት ምንም ለውጥ የለም! በ1944 አሜሪካዊው ሞንሮ ኢተን ከታማሚዎች አክታ የወሰደውን ናሙና ባክቴሪያ በሚያስቀር ማጣሪያ አሳለፈው። የተጣራውም የቤተ ሙከራ እንስሳትን አሳመመ። እንግዲያው ቫይረስ ነው ተባለ፤ ብዙዎችም ለ20 ዓመት ገደማ እንደዚያ አመኑ።

በ1962 ሮበርት ቻኖክ፣ ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ባልደረባቸው ያንኑ «ቫይረስ» ሕያው ሕዋስ በሌለበት ምግብ ላይ አሳደጉት። ቫይረስ ደግሞ ያለ ሕዋስ አይራባም። (ሄይፍሊክ ማለት የሰው ሕዋስ የሚከፋፈለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ያሳየው ሰውዬ ነው።) ለካ ነገሩ ባክቴሪያ ነው፤ በጣም ትንሽ፣ የሕዋስ ግድግዳ የሌለው። ፔኒሲሊን የሚገድለው የግድግዳ ግንባታን በማበላሸት ነው። ግድግዳ ከሌለ ምኑን ያበላሻል? ስሙ ማይኮፕላዝማ ኒሞኒዬ ሆነ።

ስለዚህ ሌላ ዒላማ ተፈለገ፦ ፕሮቲን የሚመረትበት ሪቦዞም። አዚትሮማይሲንና ዘመዶቹ፣ ማክሮላይድ የሚባሉት፣ እዚያ ገብተው ይሰነቀራሉ። ቴትራሳይክሊኖችም ይሠራሉ፤ ነገር ግን የሚያድግ ጥርስን ያበልዛሉ ተብሎ ሐኪሞች ለትንንሽ ልጆች ማዘዝ ይፈራሉ። በተግባር ለልጆች የቀረው አንድ የመድኃኒት ቤተሰብ ነበር ማለት ይቻላል።

ባክቴሪያው ለማምለጥ የሚበቃው ደግሞ አንዲት ፊደል ናት። በሪቦዞሙ አርኤንኤ 2063ኛ ቦታ ላይ አዴኒን በጓኒን ሲተካ መድኃኒቱ መያዣ ያጣል። ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያሉት ከ2000 ወዲህ በልጆች ላይ መታየት ጀመሩ። ቻይና ውስጥ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው መድኃኒቱን ተላምዶ አገኙት። ለማንኛውም ሳል አዚትሮማይሲን ሲታዘዝ የሚተርፈው የተላመደው ነዋ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ማስክ ተደረገ፣ ማይኮፕላዝማም ጠፋ ማለት ይቻላል። ባክቴሪያውን ጭራሽ የማያውቁ ልጆች በዙ። በ2023 መጨረሻ ሲመለስ የቻይና የሕፃናት ሆስፒታሎች ተጨናነቁ፤ በኅዳር የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ በሽታ ይሆን ብሎ ማብራሪያ ጠየቀ። አዲስ አልነበረም፤ ከታወቁት ጀርሞች አንዱ ይኸው የኢተን «ቫይረስ» ነበር።

የሚገርመው ዴንማርክ ነች። በዚያው ወቅት እዚያም በሽታው በኃይል ተመልሷል፤ የተላመደው ግን ከ2 በመቶ በታች ነበርና ማክሮላይድ ሠራ። ጃፓንም ከ2012 በኋላ የማክሮላይድ አጠቃቀሟን ስትቀንስ የተላመደው ባክቴሪያ ድርሻ ለዓመታት ወርዶ ነበር።