ሆቴል ውስጥ አዳልጧችሁ ብትወድቁ ሕጉ ምን ይላል?

ሐምሌ ነው እንበል። ፍኖተ ሰላም ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ሰው ሁሉ ወደ ቅርቡ ሆቴል ይሮጣል። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ጭቃ የረገጠ ጫማ ሲመላለስበት ውሏል፤ አሁን ደግሞ በሳሙና ውሃ ተወልውሎ ገና አልደረቀም። ከማንኩሳ (አዎ፣ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ዋ ማንኩሳ) ለጉዳይ የመጣ ልጅ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲገባ አዳለጠው፤ እጁ ተሰበረ። ባለቤቱ ደንግጦ ባጃጅ ጠራ፣ ትንሽ ብር ኪሱ ውስጥ ከተተለት፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ሸኘው። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ልጁን ለምሳሌ ነው ያመጣነው። ግን እንዲህ ያለ ወሬ ያልሰማ ሰው በአካባቢያችን ያለ አይመስለንም። የሚሰጠው አስተያየትም ያው ነው፦ «ዓይኑን ገልጦ አይሄድም ነበር?» ሕጉ እንደዚያ አይልም። እኛ ጠበቃ አይደለንም፤ የተጻፈውን አንብበን በሚገባን ቋንቋ እናስቀምጥላችሁ። ለቁም ነገር ቀን ሴቭ አድርጉት።

መነሻው በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን መካስ አለበት ይላል። ጥፋት ሲባል ሆን ብሎ የተደረገ ብቻ አይምሰላችሁ። ቸልተኝነትም ጥፋት ነው፤ ማድረግ የሚገባን ነገር ሳያደርጉ መቅረትም እንደዚሁ። እርጥብ ወለል ላይ ምልክት አለማቆም (ምልክት ቢጠፋ አንድ ወንበር አቁሞ መንገዱን መዝጋት ይቻል ነበር)፣ አምፖሉ የተቃጠለበትን ደረጃ ለሳምንት በጨለማ መተው፣ ቄጠማ ጎዝጉዞ ከሥሩ ውሃ ማቆር፣ እነዚህ ሁሉ የሚያከራክሩ ጥፋቶች ናቸው። «እኔ አይደለሁም፣ የወለወለችው ልጅ ናት» የሚለው መልስም አሠሪውን አያድነውም። ሠራተኛው በሥራው ላይ እያለ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪውም ይጠየቃል፤ አንቀጽ 2130ን ተመልከቱ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አንቀጽ 2077 ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ሕንፃው ራሱ ከሆነ፣ ለምሳሌ የተሰበረ ደረጃ ወይም ስትደገፉት የሚነቀል የበረንዳ ብረት ከሆነ፣ የሕንፃው ባለቤት ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። «አላወቅኩም»፣ «ልገምተው አልችልም ነበር» ማለት አያወጣውም። ማምለጫው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። እዚህ ላይ ሆቴሉን የሚያሠራው ሰው ተከራይ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ። ቡሬ ላይ ወደ ነቀምት የሚገነጠለው መንገድ ዳር አድራችሁ ደረጃው ቢጥላችሁ፣ አልጋውን ያከራያችሁ ሰውና የሕንፃው ባለቤት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ክስ ከመጻፉ በፊት ማን ማን እንደሆነ አጣሩ። ባለቤቱ ከፍሎ ሲያበቃ በግንበኛው ወይም በተከራዩ ላይ መመለስ ይችላል፤ ያ የእነሱ ጣጣ ነው።

አልጋ ይዛችሁ ከነበረ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። በእናንተና በሆቴሉ መካከል ውል አለ ማለት ነው፤ ሕጉም ከአንቀጽ 2653 ጀምሮ ስለ ሆቴል ውል ለብቻው ይናገራል። ስለዚህ ሆቴሉ «ጉዳዩ የውል ነው፣ ከውል ውጭ በሚለው ልትከሱኝ አትችሉም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይሄን ለጠበቃ ተዉት። ለእናንተ የሚያስፈልገው ቀኑ ነው። ከውል ውጭ ለሆነ ጉዳት የክስ ጊዜው 2 ዓመት ነው (አንቀጽ 2143)፤ በውል ሲሆን በመሠረቱ 10 ዓመት ነው (አንቀጽ 1845)። እኛ የምንመክረው አስሩን እርሱት ነው። ሁለት ዓመት ብቻ እንዳላችሁ ቁጠሩ።

የወደቃችሁ ቀን

ሕጉ ከጎናችሁ ቢሆንም አንድ ነገር በእናንተ ላይ ይወድቃል፦ ማስረዳት። እንዴት እንደተጎዳችሁና ምን ያህል እንደተጎዳችሁ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ (አንቀጽ 2141)። ውሃ ደግሞ በሩብ ሰዓት ይደርቃል። ስልካችሁን አውጡ፤ እናንተ ካልቻላችሁ አብሯችሁ ያለውን ሰው ለምኑት። ወለሉን ከቅርብም ከሩቅም አንሱ፤ ምልክት ካልነበረ አለመኖሩ እንዲታይ ቦታውን በሰፊው አንሱ። ጫማችሁንም አንሱ፣ «ሶሉ ያለቀ ጫማ አድርጎ ነው» መባሉ አይቀርምና። ያዩ ሰዎችን ስምና ስልክ ያዙ። የአልጋ ወይም የምግብ ደረሰኝ ካለ እዚያ መሆናችሁን ያስረዳል፤ አትጣሉት። ሆቴሉ ካሜራ ካለው ቶሎ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቀረጻው በራሱ ላይ እየቀዳ የቆየውን ያጠፋል።

ከዚያ ሕክምና፤ የሚዘገይ ነገር አይደለም። ካርድ ስታወጡ «ወደቅኩ» ብቻ አትበሉ፤ የት፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደወደቃችሁ ንገሯቸው፤ ይጻፍ። ለፖሊስም አመልክቱ። ሆስፒታሎች ለሕግ ማስረጃ የሚሆነውን የሕክምና ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ከፖሊስ ወይም ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ሲመጣላቸው ነው። ፍኖተ ሰላም ጠቅላላ ሆስፒታል ታክማችሁ ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ብትባሉ የመኪናው፣ የአልጋው፣ የአስታማሚው ወጪ ሁሉ ይቆጠራል፤ ብጣሽ ወረቀትም ብትሆን አስቀምጡ፣ ፎቶዋንም አንሱ። በቸልተኝነት አካል ማጉደል በወንጀል ሕጉም (አንቀጽ 559) ያስጠይቃል፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ከመሠረተ የካሳ ጥያቄያችሁን እዚያው ላይ ማቅረብ የሚቻልበት መንገድ አለ።

ሽማግሌ ሲመጣ

ይመጣል። እዚህ አገር ነገር በሽማግሌ ነው የሚያልቀው፤ እኛም ሽምግልናን አንቃወምም። ፍርድ ቤት ከመመላለስ በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ጥሩ እርቅ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን የምትፈርሙትን ወረቀት አንብቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት በሕጉ የተደረገ የስምምነት እርቅ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው። «ከዛሬ ጀምሮ ምንም አልጠይቅም» ብላችሁ ፈርማችሁ፣ በወሩ ሐኪሙ «አጥንቱ በትክክል አልገጠመም፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል» ቢላችሁ መመለሻው በጣም ጠባብ ነው። ገንዘቡን መቀበል ከፈለጋችሁ ወረቀቱ ላይ «ለመጀመሪያ ሕክምና የተሰጠ» ተብሎ ይጻፍ፤ የመጨረሻውን ስምምነት ሕክምናው ሲያልቅ አድርጉት። ሽማግሌዎቹን ማክበርና ሳያነቡ መፈረም ለየቅል ናቸው። «አባባ፣ አንድ ቀን ስጡኝና ላንብበው» ብትሉ ማንም አይቀየማችሁም።

ስንት ይደርሰኛል?

ሁሉም የሚጠይቀው ይሄን ነው፤ የተቆረጠ ዋጋ የለም። መርሁ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ነው፦ የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት መድረሱ እርግጥ የሆነ ጉዳትም ጭምር። «እኔ ገበሬ ነኝ፣ የደመወዝ ወረቀት የለኝም» የሚል ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ልኩን በትክክል ማስረዳት በማይቻልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ሥልጣን ይሰጠዋል። በርበሬ ለቀማ ላይ እጃችሁ ተሰብሮ የቀን ሠራተኛ ቀጥራችሁ ከሆነ፣ ለስንት ቀን በስንት እንደቀጠራችሁ የሚመሰክር ጎረቤት ትልቅ ማስረጃ ነው።

የሚያናድደው የሞራል ካሳው ነው። አንቀጽ 2116 ለሞራል ጉዳት ከ1,000 ብር በላይ አይፈቅድም። ጣሪያው የተቀመጠው በ1952 ዓ.ም ነው፤ ዛሬ አንድ ሺህ ብር ምን እንደሚገዛ እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ ኃይላችሁን ደረሰኝ ባለውና ምስክር ባለው ወጪ ላይ አውሉት። የራሳችሁ ጥፋት ካለበት (ጠጥታችሁ ነበር፣ «አትለፉ» የተባለውን አልፋችሁ ነበር) ካሳው እንደ ጥፋታችሁ መጠን ይቀነሳል፤ የግድ ባዶ ይሆናል ማለት አይደለም።

ክሱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍኖተ ሰላም ላይ ነው፤ ይግባኝ ወይም የገንዘቡ መጠን ወደዚያ ሊወስዳችሁ ይችላል። የዳኝነት መክፈል የማትችሉ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ «በድሃ ደንብ» የመክሰስ መብት አለ፤ ሬጅስትራሩን በዚሁ ስም ጠይቁት። መንገድ ተዘግቶ ወይም ኔት ጠፍቶ ያልሄዳችሁባቸውን ቀናት ደግሞ ደብተር ላይ መዝግቡ፤ ሁለት ዓመቱ ግን ይቆምልኛል ብላችሁ አትተማመኑ።

የወደቀችው አስተናጋጇ ራሷ ብትሆንስ?

ያኔ ሌላ ሕግ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሕክምናውን ይችላል፤ መሥራት እስክትችልም ለመጀመሪያ 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዩ 3 ወር ከ75 በመቶ፣ ከዚያ ላለው 6 ወር ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፍላታል። የጽሑፍ ውል የላትም ማለት ሠራተኛ አይደለችም ማለት አይደለም፤ ውል በቃልም ይሆናል። ግን ጊዜው አጭር ነው፦ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ በመደበኛው በ1 ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ወጥ ቤት ሳሙና ውሃ ላይ ወድቃ ወገቧን ይዛ ቤቷ የተኛች ጓደኛ ካለቻችሁ ይሄን ዛሬውኑ ላኩላት።