ሕግ ያላጸናው፣ ስደት ያጸናው የቤተሰብ ስም

የውጭ አገር መዛግብት ሰውን በመጨረሻ ስሙ ይሰበስባሉ። «በቀለ» በሚለው ሥር ቀነኒሳና ታሪኩ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ፤ በእርግጥም ወንድማማቾች ናቸው። በዚያው ተርታ የሚገኙት ሌሎች «በቀለዎች» ግን ዘመድ መሆናቸውን ስሙ አያረጋግጥም፤ የሚነግረን አባታቸው በቀለ መባሉን ብቻ ነው። በአንጻሩ ጥሩነሽና ገንዘቤ «ዲባባ» ሲባሉ የሥጋ ዘመዳቸው ደራርቱ «ቱሉ» በሚለው ሥር ትመደባለች። ዝርዝሩ ባዳን ያቀራርባል፤ ዘመድን ይለያያል።

የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ልማድ ለመለወጥ ሞክሮ ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው ከራሱና ከአባቱ ስም በተጨማሪ የቤተሰብ ስም እንዳለው ደነገገ። ሕዝቡ ግን በነበረው ልማድ ቀጠለ። ከስድስት ዓመት በኋላ በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ወይዘሮ ጥሩአይነትንና ሰብለ ወንጌልን የሚያስተሳስር የጋራ ስም የለም። ታሪኩ ቀደም ያለውን ዘመን የሚተርክ ቢሆንም፣ ይህን እንደ ጉድለት የቆጠረ አንባቢ አልነበረም።

ሕጉ ያልቻለውን የባዕድ አገር ቅጽ ቻለ። ዓለም አቀፉ የፓስፖርት መለኪያ ስምን «ዋና» እና «ተከታይ» ብሎ ለሁለት ይከፍላል፤ ወላጆችም ባዶውን ቦታ በአያት ስም ይሞሉታል። በ1990 እ.ኤ.አ. በቶሮንቶ የተወለደው ድምፃዊ አቤል መኮንን ተስፋዬ፣ በአገር ቤት ልማድ «አቤል መኮንን» ይባል ነበር። የቤተሰብ ስሙ ሆኖ የጸናው ግን «ተስፋዬ» የሚለው የአያቱ ስም ነው።

የጋራ ስም ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በትምህርት ቤት፣ በድንበርና በውርስ ጉዳይ ወላጅንና ልጅን ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ያገናኛል። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። በነባሩ ሥርዓት የእያንዳንዱ ትውልድ አባት በልጁ ስም ላይ ይታተማል፤ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው የዘር ሐረግም ከዚሁ ሰንሰለት የተሠራ ነው። ስሙ አንድ ጊዜ ከረጋ በኋላ የሚመጡት አባቶች ከመዝገቡ ይወጣሉ፤ በመቶ ዓመት ውስጥ የሚቀረው ከአገር የወጣው ሰው አባት ስም ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ምርጫው ለቅጽ ሞይ ጸሐፊ የሚተው አይደለም። የቤተሰብ ስም የሚያጸና ቤተሰብ የማንን ስም እንደሚያጸና አስቀድሞ ይምከር፤ ቅጹ የማይዘውን የትውልድ ሐረግም ራሱ ጽፎ ለልጆቹ ያቆይ።