ያላነበቡ አንባቢዎች፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአብርሃ ጅራ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ አንድ የታወቀ ልብ ወለድ መጽሐፍ በድምፅና በሥዕል ከቀረበ በኋላ ሰዎች ስለ እርሱ የሚሰጡት አስተያየት ምን እንደሚመስል መመርመር ነው። በሌላው ዓለም አስቀድሞ ለፊልም ወይም ለቴሌቪዥን የታሰበ ታሪክ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ መውጣቱ የተለመደ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ግሬአም ግሪን «ሦስተኛው ሰው» የተባለውን ታሪክ የጻፈው ለፊልም መነሻ እንዲሆን ሲሆን፥ መጽሐፉ የታተመው ፊልሙ ከታየ በኋላ በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። ደራሲው ራሱም ፊልሙ ከመጽሐፉ እንደሚሻል ሳያፍር ተናግሯል።

በአገራችን የሚታወቀው ነገር በአታሚው ዘንድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጽሐፉ ይቀድማል፥ ድራማው ይከተላል። ነገር ግን በተቀባዩ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ብዙ ሰው ታሪኩን በመጀመሪያ በጆሮው ሰምቶ፥ ከብዙ ዘመን በኋላ መጽሐፉን በእጁ ይይዛል፤ ወይም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይዘውም። ስለዚህ ጥያቄው ለእኛም ጥያቄ ነው።

ሀ. ስለ ቦታው

አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የምትገኘውም ወደ ሱዳን ወሰን በሚወርደው የጎንደር ቆላ ውስጥ ነው። አገሩ በታሪክ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በጦርነት ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት መተማ የዚሁ ቆላ ክፍል ነውና። ዛሬ ግን የሕዝቡ ኑሮ የተመሠረተው በሰሊጥ፥ በማሽላና በጥጥ ላይ ነው። ሰሊጥ ደርሶ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በአረምና በአጨዳ ወራት ከጎጃም፥ ከወሎና ከደጋው ጎንደር ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ሠራተኛው ሌሊቱን የሚያሳልፈው በዳስ ውስጥ ነው። በዳስ ውስጥ ደግሞ መጽሐፍ ከሚገኝ ይልቅ ሬዲዮ ወይም ስልክ ይገኛል። ይህ ነገር ለጥያቄያችን ዋና ነው።

ለ. ስለ መጽሐፉና ስለ መንገዱ

ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ተወልደው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ፥ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር የዘመቱ፥ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ጣሊያን የተጋዙ ሰው ናቸው። ከነፃነት በኋላ በዲፕሎማቲክ ሥራና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። መጽሐፉ የድኻ ገበሬዎች ልጅ የሆነው የበዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል ፍቅር በዘር ልዩነት ምክንያት እንዴት እንደ ተሰናከለ ይተርካል። ከፍቅሩ ጎን ግን ሁለት ትልልቅ ነገሮች አሉበት፤ አንዱ የገበሬዎች ዐመፅ ሲሆን፥ ሁለተኛው ሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚያየው የጉዱ ካሣ ንግግር ነው።

በደርግ ዘመን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ተረከው። በ2016ና በ2017 ዓ.ም. መጋጠሚያ ላይ ደግሞ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ መታየት ጀመረ። እንግዲህ አንድ ታሪክ በስድሳ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ሦስት ዓይነት ተቀባይ አገኘ ማለት ነው፤ አንባቢ፥ አድማጭና ተመልካች።

ሐ. የሰማናቸው አስተያየቶች

እኛ መጽሐፉን ያነበብነው በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ «አነበበ» የሚለው ቃል በዓይን ላነበበ ብቻ እንደሚገባ እንቆጥር ነበር። በዕረፍት ጊዜ ወደ አብርሃ ጅራ ስንመለስ ከጥቂት ሰዎች ጋር ያደረግነው ጭውውት ግን ይህን አሳባችንን አናጋው። የሰዎቹ ቍጥር ትንሽ ስለ ሆነ ቃላቸውን እንደ ምሳሌ እንጂ እንደ ማስረጃ አናቀርበውም።

አንድ አዛውንት «አንቱ መጽሐፉን አንብበውታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ጉዱ ካሣን ግን ከአንተ ይልቅ አውቀዋለሁ» አሉን። ቀጥለውም ጉዱ ካሣ ስለ ልማድና ስለ ባላባት የሚናገረውን በራሳቸው ቃል አስረዱን። አሳቡን አላዛቡትም። በየትኛው ምዕራፍ እንዳለ ግን አያውቁም፤ ለእርሳቸው ምዕራፍ ማለት ሬዲዮኑ የተዘጋበት ሰዓት ነው።

ከጎጃም ለአጨዳ የወረደ አንድ ሠራተኛ ትረካውን የሰማው ከጓደኛው ስልክ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፥ ቅጂው ከእጅ ወደ እጅ በሜሞሪ ካርድ ይተላለፍ ነበር። ይህ ሰው ስለ ሰብለ ወንጌል ብዙ አልተናገረም። ልቡን የነካው ገበሬዎቹ በፊታውራሪ ላይ የተነሡበት ክፍል ነው። «ሰው ላቡን አፍስሶ የሚገባውን ሲከለከል ምን እንደሚሰማው ጸሐፊው ያውቃል» አለን። የሰሊጥ አጫጅ የደመወዙን ነገር እያሰበ ሲያዳምጥ፥ ከፍቅሩ ይልቅ ዐመፁ ጎልቶ ቢሰማው አያስደንቅም።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ድራማውን በጥቂቱ አይታ መጽሐፉን ከመምህሯ ተውሳለች። ያነበበችው መጨረሻውን ለማወቅ ቸኵላ ነበር። ሆኖም ያልጠበቀችው ነገር የያዛት ገና በመጀመሪያው ላይ ነው፤ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን መሳላቸው። «ለእርሱ የተሳሉት ሳይጠይቁት ነው» ብላ ተቈጣች። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፥ በሰፈሯ ሳይጠየቁ የሚዳሩ ልጃገረዶች እንዳሉ ነገረችን።

ተቃራኒ አስተያየትም ሰምተናል። መጽሐፉን ያዋሷት መምህር ድራማውን አይወዱትም። ምክንያታቸውም ይህ ነው፤ አንባቢ የሰብለ ወንጌልን መልክ ራሱ ይሥላል፥ ተመልካች ግን የተሣለለትን ይቀበላል። በወጋየሁ ትረካ ላይም ያው ክስ ሊቀርብ እንደሚችል ብንነግራቸው፥ ጥቂት አስበው «ድምፅ መልክን አይዘጋም» ሲሉ መለሱልን። ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም።

መ. ንጽጽር

የአድማጭን አስተያየት እንደ ታሪክ ምንጭ መቍጠር በአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት፤ ከአድማጮችም ከ15,000 በላይ ደብዳቤዎች ደርሰውታል። ይህ ድራማ የተዘጋጀው ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር ነው፤ ስለዚህ የአድማጩን አሳብ አስቀድሞ ፈልጎታል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ለማንበብ የተጻፈ በመሆኑ ስለ አድማጩ የሚጠይቅ አካል አልነበረውም። አዛውንቱን «ምን አሰቡ?» ብሎ የጠየቀ ደብዳቤ ተቀባይ ቢኖርም ኖሮ፥ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። የእነዚህ ሰዎች አስተያየት ያልተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ አስተያየት ስላልነበራቸው አይደለም።

ሠ. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተባለው ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ድራማ ንባብን ሁልጊዜ አይገድልም፤ ልጅቷን ወደ መጽሐፉ የመራት ድራማው ነው። ነገር ግን ወደ መጽሐፉ መድረስ የቻለችው የሚያውሳት ሰው በማግኘቷ ነው። መምህሩ የሚፈሩት ድራማ ያመጣላቸውን አንባቢ የተቀበሉት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። መጽሐፍ በሌለበት አገር ድራማው የሚያስነሣው ረሃብ ሳይጠግብ ይቀራል።

ሁለተኛ፥ የሥነ ጽሑፋችንን ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች የአንባቢን አስተያየት የምንፈልገው በጋዜጣና በመጽሔት ብቻ ከሆነ፥ የምናገኘው የራሳችንን ድምፅ ነው። እኒያ አዛውንት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ወጋየሁን በሬዲዮ የሰማው ትውልድም ከእርሳቸው ጋር እየሄደ ነው። ከእኛ የተሻለ ጊዜና ዕውቀት ያለው ተማሪ በየአገሩ ሲመለስ እነዚህን ሰዎች ቢጠይቅና ቃላቸውን ቢመዘግብ፥ ይህ ጽሑፍ የታሰበበትን ፈጽሟል።