ዱቄት ያቆመው ባንድ፦ የፍላት እና ስክራግስ 21 ዓመታት

እኛ አገር ካንትሪ ሙዚቃ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኬኒ ሮጀርስ ነው። ቀጥሎ ዶሊ ፓርተን፣ ዶን ዊልያምስ፣ ጂም ሪቭስ እያለ ይሄዳል። እንግሊዝኛው በደንብ የማይገባው ሰው ሳይቀር አብሮ ያንጎራጉራል። የካንትሪ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ብሉግራስን ግን ብዙዎቻችን በስሙ አናውቀውም። ባንጆው መፍጠን ሲጀምር ነው "እንዴ፣ ይሄማ የካውቦይ ፊልም ሙዚቃ ነው" የምንለው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ባንጆውን እንደዚያ ስላስፈጠነው ሰውዬና ከጓደኛው ጋር ስላቋቋመው ባንድ ነው። ሌስተር ፍላት እና ኧርል ስክራግስ ይባላሉ። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የማስተምረው ታሪክ ነው። ተማሪዎቼ ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ሲያወሩ "ጎበዝ ስለነበረ ነው" ብለው ይዘጉታል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ነገር አለ፤ ማን ነበር የሚከፍለው? የፍላትና የስክራግስን ታሪክ የምወደው ይቺ ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለምትሠራበት ነው።

ሁለቱም የድሃ ልጆች ናቸው። ፍላት በ1914 ቴነሲ ውስጥ ተወለደ፣ ስክራግስ በ1924 ሰሜን ካሮላይና። ስክራግስ አባቱ የሞተው ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ሁለቱም ከሙዚቃው በፊት እንጀራቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የገጠር ልጅ ምርጫው ወይ ማረሻ ወይ ፋብሪካ ነው፤ ሦስተኛው መንገድ ሬዲዮ ነበር። ድምፅህ ጥሩ ከሆነ ወይ እጅህ ቀልጣፋ ከሆነ አንድ ጣቢያ ጠዋት ጠዋት ያጫውትሃል። ደመወዝ ላይከፍልህም ይችላል። ግን በአየር ላይ "ቅዳሜ ማታ እገሌ ትምህርት ቤት አዳራሽ እንጫወታለን" ብለህ ትናገራለህ፣ ገንዘቡ ከመግቢያ ትኬቱ ይመጣል።

ስለ ባንጆው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የነጮች መሣሪያ ይመስለዋል። አይደለም። ሥሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው። በባርነት ተግዘው የተወሰዱ ሰዎች ከቅልና ከቆዳ የሚሠራውን መሣሪያ በእጃቸው ባይሆንም በጭንቅላታቸው ይዘውት ሄዱ፤ አሜሪካና ካሪቢያን ላይ መልሰው ሠሩት። ቆዳ ወጥሮ ድምፅ ማውጣት ለእኛም እንግዳ አይደለም፣ ማሲንቋችንን ማየት ነው። የስክራግስ ድርሻ አጨዋወቱ ላይ ነው። በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት እያፈራረቀ፣ ኖታዎቹ እንደ ዝናብ ሳይቋረጡ እንዲወርዱ አደረገ። በሦስት ጣት መጫወትን እሱ አልፈጠረውም፤ በተወለደበት አካባቢ ከሱ በፊት የሚጫወቱበት ነበሩ። ግን እንደሱ ያጠራውና ያፈጠነው አልነበረም። ከሱ በኋላ የመጣ የብሉግራስ ባንጆ ተጫዋች በሙሉ በሱ መንገድ ነው የጀመረው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የተገናኙት በቢል ሞንሮ ባንድ ውስጥ ነው። ሞንሮ የኬንታኪ ሰው ነው። ኬንታኪ በቅጽል ስሟ የብሉግራስ ግዛት ስለምትባል ባንዱን "ብሉ ግራስ ቦይስ" አለው። የሙዚቃው ስም ራሱ የመጣው ከዚህ ባንድ ስም ነው። ፍላት በ1945 በጊታርና በድምፅ ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስክራግስ ሊፈተን ሲመጣ ፍላት ደስ አላለውም ነበር፤ የቀድሞው ባንጆ ተጫዋች ፈጣን ዘፈን ላይ ወደ ኋላ እየቀረ ሲያስቸግራቸው ስለነበር፣ አዲሱ ልጅ ባንጆውን ከነሳጥኑ ቢተወው ይሻላል ባይ ነበር። ልጁ ሲጫወት ከሰማ በኋላ ግን ሐሳቡን ቀየረ።

ሞንሮ ማንዶሊን፣ ፍላት ጊታር፣ ስክራግስ ባንጆ፣ ቸቢ ዋይዝ ፊድል (ያው ቫዮሊን ማለት ነው)፣ ሃዋርድ ዋትስ ቤዝ። ይህ ስብስብ አብሮ የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ብሉግራስ ማለት ይሄ ድምፅ ነው የሚባለው ግን በእነሱ ነው።

ሥራው አድካሚ ነበር። ሳምንቱን በሙሉ መኪና ውስጥ ተጠባብቀው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፣ ለቅዳሜ ማታ ናሽቪል መድረስ አለባቸው። በ1948 መጀመሪያ ስክራግስ በቃኝ አለ፣ እናቱም ጤና አልነበራትም። ብዙም ሳይቆይ ፍላት ወጣ። ሁለቱ ተገናኝተው የራሳቸውን ባንድ አቋቋሙና "ፎጊ ማውንቴን ቦይስ" አሉት፤ ስሙን ያወጡት ከአንድ የካርተር ቤተሰብ ዘፈን ነው። ሞንሮ ይህንን እንደ ክህደት ቆጠረው። በሱ እምነት ሙዚቃው የሱ ነው፣ እነሱ ደግሞ ይዘውት የሄዱ ሌቦች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ያለ ሞንሮ መድረኩ አይኖርም፣ ያለ ስክራግስ ጣቶች ደግሞ ያ ድምፅ አይኖርም።

በዲሴምበር 1949 ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ "ፎጊ ማውንቴን ብሬክዳውን" የሚባለውን በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቱትን ሥራ ለመርኩሪ ኩባንያ በሸክላ ቀረጹ። ይቺን ስም ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን። በ1950 ወደ ኮሎምቢያ ኩባንያ ተሻገሩ። እስከዚህ ድረስ ግን ከጣቢያ ጣቢያ የሚንከራተት አንድ ጥሩ ባንድ ናቸው፣ ከዚያ አይዘልም።

እናላችሁ፣ ዱቄቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

ናሽቪል ውስጥ ማርታ ዋይት የሚባል የዱቄት ፋብሪካ ነበረ። ስያሜው ከመሥራቹ ትንሽ ልጅ የተወሰደ ነው። የሚሸጠው ቤኪንግ ፓውደር ቀድሞ የተቀላቀለበት ዱቄት ነበር፤ የደቡብ ሴቶች በጠዋት ተነስተው ለቁርስ ትንንሽ ዳቦ የሚጋግሩበት። አሁን አስቡት፤ ሴትየዋ ጎህ ሳይቀድ ኩሽና ገብታለች፣ እጇ ሊጥ ነው፣ ሬዲዮው ተከፍቷል። ዱቄት መሸጥ የሚፈልግ ሰው ከዚያ ሰዓት የተሻለ ምን ይፈልጋል? በ1953 የኩባንያው አለቃ ኮኸን ዊልያምስ ፍላትና ስክራግስን በናሽቪሉ ደብሊው ኤስ ኤም ሬዲዮ በማለዳ እንዲጫወቱ ስፖንሰር አደረጋቸው። ለዱቄቱ የማስታወቂያ ዘፈን ነበራቸው፣ ሕዝቡም በቃሉ ያዘው። ባንዱ ቋሚ ገቢ አገኘ፣ ዱቄቱም ገበያ አገኘ።

ከዚያ የቀረው ግራንድ ኦል ኦፕሪ ነው። ኦፕሪ ማለት በዚሁ ጣቢያ ከ1925 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚተላለፍ፣ ለካንትሪ ዘፋኝ የመጨረሻው መድረክ ነው። (ጣቢያውን ያቋቋመው የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። እዚያ አገር የባህል ሙዚቃውን አንዴ ኢንሹራንስ አንዴ ዱቄት ነው የተሸከመው።) ሞንሮ የኦፕሪ አባል ስለነበር እንዳይገቡ አጥብቆ ተቃወመ። ዊልያምስ ግን ቀላል ነገር ነው ያደረገው፤ ልጆቹ ካልገቡ የዱቄቱን ማስታወቂያ አነሳለሁ አለ። በ1955 ገቡ። ሞንሮ ከዚያ በኋላ በአንድ መጋረጃ ጀርባ እየተላለፉ እንኳ ለዓመታት አላናገራቸውም። እንግዲህ ተሰጥኦ በሩን አንኳኳ፣ በሩን የከፈተው ግን ዱቄቱ ነው።

በዚያው ዓመት ቴሌቪዥንም ጀመሩ፣ ያውም በየከተማው እየዞሩ በቀጥታ ስርጭት። የቪዲዮ ቴፕ ገና አልነበረም፤ ዛሬ ጆርጂያ፣ ነገ ሌላ ከተማ እያሉ በሳምንት ወደ 2,500 ማይል ይነዱ ነበር። ይሄ 4,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ መቐለ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ሄደህ ገና ብዙ ይቀርሃል። በዚያው ዓመት ስክራግስ ከሚስቱ ከሉዊዝ ጋር እናቱን ለማየት ሲሄድ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰባቸው፤ ዳሌው ተጎድቶ ለወራት ከመድረክ ራቀ።

ሉዊዝ ስክራግስ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ብዙ ጽሑፍ "የኧርል ባለቤት" ብሎ ያልፋታል። በሒሳብ መዝገብ ያዥነት የሠራች ሴት ነች። በ1950ዎቹ አጋማሽ የባንዱን የዝግጅት ውል መዋዋል ጀመረች፣ ቀጥሎ ሙሉ ማናጀር ሆነች። በናሽቪል የሙዚቃ ንግድ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠሩት ወንዶች ብቻ በነበሩበት ጊዜ ማለት ነው። ስልኳንና መዝገቧን ይዛ ሌሎች ያላዩትን ገበያ አየች። የሰሜኑ የከተማ ተማሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ የቆየ የገጠር ሙዚቃ መፈለግ ጀምሮ ነበር። ኧርል በ1959 በመጀመሪያው የኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከዚያ ዲሴምበር 1962 ላይ ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል። እዚያ የትልልቅ ኦርኬስትራ አዳራሽ ውስጥ ታዳሚው የዱቄቱን ማስታወቂያ ዝፈኑልን ብሎ ጮኸ። ዘፈኑላቸውም፣ በሸክላውም ላይ አለ። የሉዊዝ ገበያና የዊልያምስ ገበያ አንድ አዳራሽ ውስጥ የተገናኙበት ምሽት ነው።

በዚያው ዓመት የሆሊውድ ሰዎች "ቤቨርሊ ሂልቢሊስ" ለሚባል የቴሌቪዥን ኮሜዲ መግቢያ ሙዚቃ ጠየቋቸው። ታሪኩ ዘይት አግኝቶ ድንገት ስለበለጸገ የገጠር ቤተሰብ ነው። ሉዊዝ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች፤ በገጠር ሰው ላይ ማላገጥ መሰላት። የመጀመሪያውን ክፍል ካሳዩዋት በኋላ ነው የፈቀደችው። "የጄድ ክላምፔት ባላድ" በ1963 መጀመሪያ ላይ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የብሉግራስ ሥራ እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር።

ታዲያ እንዲህ የተሳካለት ባንድ ለምን ፈረሰ?

የተለመደው መልስ ፍላት የድሮውን፣ ስክራግስ አዲሱን ስለፈለጉ ነው የሚል ነው። በ1967 ኮሎምቢያ አዲስ ፕሮዲውሰር መደበላቸው፤ ቦብ ጆንስተን ይባላል፣ የቦብ ዲላንም ፕሮዲውሰር ነው። የዲላንን ዘፈኖች አምጥቶ ዝፈኑ አላቸው። ስክራግስ ቤቱ ውስጥ የሚያድጉ ሙዚቀኛ ልጆች አሉት፣ ከነሱ ጋር መጫወት ያምረዋል፣ ጆሮው ክፍት ነው። ፍላት ግን እነዚያን ግጥሞች አፉ ላይ ሲያስቀምጣቸው አልተመቹትም፣ በዚያ ላይ ልቡን ታሞ ነበር።

መልሱ ትክክል ነው፣ ግን እኔ አይበቃኝም። ያቺን "ማን ነበር የሚከፍለው?" የምትለውን ጥያቄ እዚህ አምጧት። ፍላት ዓይኑን ሲጨፍን የሚታየው አድማጭ በማለዳ ዱቄት የምታቦካዋ ሴት ነች። ሃያ ዓመት ያበላችው እሷ ነች፣ ዲላንን አልጠየቀችውም። የስክራግስ ቤት ደግሞ፣ በሉዊዝ ስልክ በኩል፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ሲነጋገር ነው የኖረው። ሁለት ከፋይ፣ ሁለት አድማጭ። ባንዱን ያሳደጉት ሁለቱም ናቸው፣ አገሪቱ በቬትናም ጦርነት ስትከፈል ደግሞ ሁለቱ አድማጮች በአንድ አዳራሽ መቀመጥ እያቃታቸው መጣ። ኧርል በኖቬምበር 1969 ዋሽንግተን ላይ በተደረገው ታላቅ የፀረ ጦርነት ሰልፍ ላይ ተጫውቷል። ፍላት እዚያ ሲቆም ልታስቡት አትችሉም።

አስቂኙ ነገር፣ የመጨረሻውን ትልቅ ገበያ ያመጣላቸው ያ በ1949 የተቀረጸው ሸክላ ነው። በ1967 "ቦኒ ኤንድ ክላይድ" ፊልም ውስጥ የመኪና ማሳደዱ ላይ "ፎጊ ማውንቴን ብሬክዳውን" ገባ። ተዋናዩና ፕሮዲውሰሩ ዋረን ቢቲ የፈለገው የድሮውን ድምፅ ነበርና ያው የመርኩሪው ቅጂ ተወሰደ። (የታሪክ መምህር አይደለሁ፣ ሳልናገር አላልፍም፤ ቦኒና ክላይድ የተገደሉት በ1934 ነው፣ ሙዚቃው በ15 ዓመት ይዘገያል። ዛሬ ግን ያንን ዘመን ያለዚያ ባንጆ ማሰብ የሚችል ሰው የለም።) በዚህ ሥራ የግራሚ ሽልማት አገኙ። ሽልማቱ የተሰጠው በማርች 1969 ነው፤ አብረው ኦፕሪ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት በፌብሩዋሪ ነው።

መለያየቱ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ በመጨረሻም የ"ፎጊ ማውንቴን ቦይስ"ን ስም ሁለቱም ተዉት። ፍላት "ናሽቪል ግራስ" የሚባል ባንድ አቋቋመ። ስሙን ያወጣው በአድማጮች ውድድር ነው፣ ስፖንሰሩ ማን እንደሆነ ደግሞ መገመት አያቅታችሁም፤ ማርታ ዋይት። በ1971 ኢንዲያና ቢን ብሎሰም በተባለ ቦታ፣ በሞንሮ ፌስቲቫል ላይ፣ ሞንሮና ፍላት ታረቁ። በ1972 አንድ የ13 ዓመት ማንዶሊን ተጫዋች ቀጠረ፤ ማርቲ ስቱዋርት፣ በኋላ ራሱ ትልቅ የካንትሪ ዘፋኝ የሆነው። ኧርል ከልጆቹ ጋር "ኧርል ስክራግስ ሪቪው"ን መሥርቶ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ታጅቦ ዞረ፣ ጸጉራቸውን ካሳደጉት ከኒቲ ግሪቲ ዲርት ባንድ ወጣቶች ጋርም በ1972 የወጣውን ዝነኛ አልበም ሠራ። ፈራጅ ብሆን የኧርል መንገድ ለሙዚቃው፣ የፍላት መንገድ ለአድማጩ ይሻላል ባይ ነኝ። ድምፁን ግን፣ እንደ ፍላት ዘና ብሎ የሚዘፍን ኧርል ከዚያ በኋላ አላገኘም።

ፍላት በ1979 ሞተ። ከመሞቱ በፊት ኧርል ሆስፒታል ሄዶ ጎበኘው። በ1985 ሁለቱም በአንድ ላይ የካንትሪ ሙዚቃ የዝና አዳራሽ ገቡ። ሞንሮ በ1996፣ ሉዊዝ በ2006 አረፉ። ኧርል በ2012 ሲሞት በ88 ዓመቱ ነው፤ ስንብቱ የተደረገው በናሽቪል ራይማን አዳራሽ፣ ሞንሮ እንዳይገቡበት በታገለው በዚያው የኦፕሪ መድረክ ላይ ነበር።

ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ የ1949ኙን ቅጂ ስሙ፤ በኋላ የተቀረጹም ስላሉ እንዳትሳሳቱ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የካርኔጊ ሆሉን የዱቄት ማስታወቂያ።