ተጓዥ ካሜራ፦ ከመቅደላ እስከ ሀገረ ሕይወት



ለመስክ ጥናት ወደ አምቦና ወደ ምዕራብ ሸዋ ከተሞች የምትወጡ ተማሪዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «የትኛውን ትንሽ ካሜራ ልያዝ?» ጥያቄው የገበያ ጉዳይ ይመስላል፤ እኔ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው እላለሁ። ይዘነው የምንጓዘው መሣሪያ ለመጪው ትውልድ የምናወርሰውን ማስረጃ ይወስናልና።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የመሐንዲስ ጦሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ነበሩ። ዘመኑ የእርጥብ ኮሎዲዮን ስለ ነበር የመስተዋት ሰሌዳው ሳይደርቅ መቀባት፣ ምስል መቀበልና መታጠብ ነበረበት፤ ስለዚህ ኬሚካሉና የጨለማው ድንኳን አብረው ይጓዙ ነበር። ባለሙያዎቹ ሰውንና መልክዓ ምድርን ከማንሣታቸው ሌላ ለመኮንኖች ካርታ ይገለብጡ ነበር። ሰነድን በካሜራ መገልበጥ በአገራችን ይህን ያህል ዕድሜ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1925 ላይካ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራውን ካሜራ ለገበያ ሲያቀርብ ሸክሙ ቀለለ። በ1935 አልፍሬድ አይዘንስታት በጣልያን ወረራ ዋዜማ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በእጅ የሚያዝ ካሜራ ይዞ ነው፤ ያነሣው የባዶ እግር ወታደር ምስል ስለ ጦሩ ትጥቅ ብዙ ይናገራል። በ1975 ደግሞ ስቲቨን ሳሰን በኮዳክ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ ጥራቱ 0.01 ሜጋፒክስል ሲሆን አንዱን ምስል በካሴት ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት ከጉደር ወጣ ባለ መንደር አንድ አዛውንት የአባታቸውን የመሬት ግብር ደረሰኞች ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። ወረቀቶቹ ከቤት እንዲወጡ አልፈቀዱም፤ በቤቱም ከበሩ ከሚገባው በቀር ብርሃን አልነበረም። ካሜራዬን የመረጥሁት በሜጋፒክስሉ ብዛትና ሩቁን በሚያቀርበው ሌንሱ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሼ ምስሎቹን ስከፍት ማኅተሙ ይለያል፤ የእጅ ጽሑፉ ግን በነጠብጣብ ተውጧል። በዓመቱ ስመለስ አዛውንቱ አርፈዋል፤ ሣጥኑ የት እንደ ገባም የሚነግረኝ አላገኘሁም። ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን የምርጫዬ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በብዙ ርካሽ ኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሴንሰር 6.17 በ4.55 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ «አንድ ኢንች» የሚባለው ግን 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ስፋቱ አራት እጥፍ ይደርሳል። ሰፊው ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስም ባቀረበ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል። ለወንጪ ሐይቅ ዕይታ ይጠቅም ይሆናል፤ ለአዲስ ዓለም ማርያም ውስጠኛ ክፍልና ለአንድ ገበሬ ሣጥን ግን አይበጅም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ከሜጋፒክስል በፊት የሴንሰሩን ስፋት፣ ከማቅረብ አቅሙ በፊት የሌንሱን ብርሃን አስገቢነት ጠይቁ። ባትሪው የሚቀየር ይሁን። ያነሣችሁትን ከሰነዱ ባለቤት ቤት ሳትወጡ አጉልታችሁ አንብቡ፤ በዚያው ምሽት በሌላ ማስቀመጫ ገልብጡ። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅጂውንም ለባለቤቱ መልሱ።

ያ ሣጥን አንድ ጊዜ ተከፍቶልኝ ነበር። ለእናንተ ሲከፈት ተዘጋጅታችሁ ተገኙ።