የእናት ቁመት፣ ክብደትና በእርግዝና ጊዜ የሚጨመር ኪሎ፦ ለስደተኛና ለተፈናቃይ እናቶች

ከቤታቸው ርቀው የሚያረግዙ ሴቶች ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይቸግራቸዋል፦ የሚበላው ያንሳል፤ ከእርግዝና በፊት ስንት ኪሎ እንደነበሩም አያውቁም። በጋምቤላ መጠለያ ጣቢያ የሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኛም ይሁኑ፣ ጅማ ቦሳ ኪቶ ዘመድ ቤት የተጠጉ ተፈናቃይ፣ በእርግዝና ክትትል የሚለኩት ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው፦ ቁመት፣ ክብደትና የክንድ ዙሪያ።

ቁመት ምን ይነግረናል?

ቁመቷ ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች፣ በተለይም ከ145 በታች የሆነ እናት የዳሌ አጥንቷ ጠባብ ሊሆን ስለሚችል ምጥ የመራዘም ዕድሉ ከፍ ይላል። ይህ ማለት ግን የግድ በቀዶ ሕክምና ትወልዳለች ማለት አይደለም። ብዙ አጫጭር እናቶች በምጥ በሰላም ይወልዳሉ። ሆኖም የሚወልዱበትን ጤና ተቋም አስቀድመው መወሰን አለብዎት፤ ቤት ውስጥ መውለድ አይመከርም።

አንዳንድ እናቶች «ልጁ ሆዴ ውስጥ ገዝፎ ምጥ እንዳይከብደኝ» ብለው ምግብ ይቀንሳሉ። ቤተሰብ ወይም ጎረቤትም እንዲህ ሊመክርዎት ይችላል። አያድርጉት። ምግብ ስለቀነሱ ዳሌዎ አይሰፋም፤ የሚጎዱት እርስዎና ልጅዎ ናችሁ። ከ2.5 ኪሎ በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን ለኢንፌክሽንና ለሞት ይበልጥ ይጋለጣል። ደም ማነስ ያለባት እናት ደግሞ በወሊድ ጊዜ የሚፈሳትን ደም መቋቋም ይከብዳታል።

ስንት ኪሎ መጨመር ጤናማ ነው?

መልሱ ከእርግዝና በፊት በነበረዎት የክብደትና የቁመት ምጣኔ (ቢኤምአይ) ይወሰናል። ክብደትን በኪሎ፣ ቁመትን በሜትር ይውሰዱ፤ ቁመቱን በራሱ አባዝተው ክብደቱን በውጤቱ ያካፍሉ። ለምሳሌ 1.60 ሜትር ቁመትና 45 ኪሎ ክብደት ያላት ሴት ምጣኔዋ 17.6 ነው፤ ይህም ዝቅተኛ ነው።

አንድ ፅንስ ለያዘች እናት በጠቅላላው እርግዝና የሚመከረው ጭማሪ፦

- ከ18.5 በታች፦ ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ
- ከ18.5 እስከ 24.9፦ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ
- ከ25 እስከ 29.9፦ ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ
- 30 እና ከዚያ በላይ፦ ከ5 እስከ 9 ኪሎ

እነዚህ ቁጥሮች በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ተቋም የወጡ ሲሆን በብዙ አገሮች ያገለግላሉ። ለአጭር እናት የተለየ፣ ያነሰ ቁጥር አልተቀመጠም።

የቀድሞ ክብደትዎን ካላወቁ

አይጨነቁ፤ ክትትሉን በቶሎ ይጀምሩ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የሚጨመረው ከግማሽ እስከ 2 ኪሎ ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ የተለካ ክብደት እንደ መነሻ ያገለግላል። ዘግይተው ከመጡም የክንድ ዙሪያ በእርግዝና ብዙ ስለማይለወጥ ይጠቅማል። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት ምልክት ነው፤ ተጨማሪ ምግብ የሚሰጥ ፕሮግራም መኖሩን ይጠይቁ።

ከ3 ወር በኋላ መደበኛ ክብደት ያላት እናት በሳምንት 0.4 ኪሎ ያህል፣ ከሲታ እናት ደግሞ ግማሽ ኪሎ ያህል መጨመር ይኖርባታል። ሲመዘኑ ጫማና ጋቢ ያውልቁ። ቦታ ከቀየሩ የክትትል ካርድዎን ይዘው ይሂዱ፤ ቀጣዩ ባለሙያ የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።

የሚበላው ሲያንስ

- በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ይብሉ። አንዴ መብላት ካቃተዎት ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይደጋግሙ።
- በቆሎ ወይም ማሽላ ብቻውን አይበቃም። ሽሮ፣ ባቄላ፣ ምስር ወይም አተር ይጨምሩበት። ጎመንና አቮካዶ፣ ከተገኘም እንቁላልና ወተት ጥሩ ናቸው።
- ለእርስዎ የታዘዘው ተጨማሪ ምግብ እንደ መድኃኒት ይቆጠር። ልጆችም የሚበሉት አጥተው ከሆነ ሳይደብቁ ለባለሙያው ይንገሩ፤ እነሱም ይለካሉ።
- የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ ይውሰዱ። ቡናና ሻይ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብና ከእንክብሉ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ያርቁ፤ መጠኑንም ይቀንሱ።
- ወባ ባለበት አካባቢ በአጎበር ሥር ይተኙ። ወባ ደም ማነስን ያመጣል፤ የፅንሱንም ክብደት ይቀንሳል።

ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም የሚኬድባቸው ምልክቶች

- በአንድ ሳምንት ከ1 ኪሎ በላይ መጨመር፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ (የእርግዝና ደም ግፊት ሊሆን ይችላል)
- ክብደት መቀነስ ወይም የማያቆም ትውከት
- ደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ያለ ጊዜው የፈሰሰ የሽርት ውሃ
- የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም መቆም

ቤተሰብ ምን ያግዝ?

እናቲቱ ከተረፈው ሳይሆን ከመጀመሪያው ትብላ። ውሃ መቅዳቱንና እንጨት መሸከሙን ሌላ ሰው ይያዝላት። አጭር ከሆነች፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና ከወለደች ወይም ከጤና ተቋም ርቃ የምትኖር ከሆነ፣ ቀኗ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ ትግባ፤ በጅማ ዞን ባሉ ጤና ጣቢያዎች ማቆያ መኖሩን ይጠይቁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከጋምቤላ ጭምር በሪፈር የሚመጡ ሕሙማንን ይቀበላል፤ መንገዱ ግን ረጅም ነው። መጓጓዣውና አብሯት የሚሄደው ሰው ምጥ ሳይጀምር ይወሰኑ።